በስተቀኝ የተጻፈው

የአባቴ መዝገብ አንድ ጎን ብቻ ነበረው። ሽፋኑ ጠንካራ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የወዛ ትልቅ ደብተር ነው። በየገጹ አናት «ቢስሚላህ» ይጻፋል፤ ከሥሩ የሰው ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ የብሩ ልክ ይከተላል። ሲከፈል በአግድም መስመር ይሰረዛል። ደሴ፣ አራዳ ላይ ብርድ ልብስ፣ አቡጀዲ፣ ፎጣና ሽርጥ በምንሸጥበት ሱቅ ውስጥ ከገንዘብ መሳቢያው ቀጥሎ የሚከበረው ያ የዱቤ ደብተር ነበር። ማን ምን ያህል እንዳለበት አንድ በአንድ ይናገራል። አባቴ ራሱ ለማን ምን ያህል እንዳለበት ግን የትም አልተጻፈም። ከመርካቶ በአይሱዙ ዕቃ የሚልክለት የጅምላ ነጋዴ ቀሪ ሂሳብ፣ ከወጣለት በኋላ ገና የሚጥለው ዕቁብ፣ ሰው አምኖ ያስቀመጠበት አደራ፣ ሁሉም የሚኖረው በሱ ራስ ውስጥ ነበር። አባቴ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ስለሆነ ይህን እንደ ጉድለት ያየው አልነበረም፤ እኛም አላየነውም።

ነገሩ የተለወጠው በ1995 ዓ.ም. ነው። በ1994 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ 500,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነጋዴ ደረጃ «ሀ» ብሎ የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ። ወዲያው ደግሞ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሥራ ላይ ዋለ። ቁርጥ ግብር ለለመደ ነጋዴ ይህ ከባድ ነበር። በቁርጥ ግብር ጊዜ ገማቾች መደርደሪያውን አይተው የቀን ሽያጩን ይገምታሉ፤ ነጋዴው በዛብኝ ብሎ አቤት ይላል፤ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ይቆረጥና ዓመቱ ያልፋል። አሁን ቁጥሩ ብቻውን አልበቃም፤ ከየት ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ ማሳየት ተፈለገ።

መምህራችን የተገኙት ከራሳችን ግቢ ነው። ሰርቪስ ቤቱን ተከራይተው የሚኖሩ ጡረተኛ ሂሳብ ሹም ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ የሥራ ዘመናቸውን ኮምቦልቻ ውስጥ በሂሳብ ክፍል ጨርሰዋል። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። አባቴ አንድ ማታ ጠራቸውና «ጋሼ፣ ይህን ልጅ ያስተምሩልኝ። እኔም ከጎን ሆኜ እሰማለሁ» አላቸው። እሳቸውም «ሐጂ፣ ትምህርቱ ለልጁ ይሆናል፤ መዝገቡ ግን የእርስዎ ነው፤ ከጎን ሳይሆን ከፊት ነው የሚቀመጡት» ብለው መለሱ። ከኢሻ ሶላት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ መገናኘት ጀመርን።

መጀመሪያ ያስደረጉን ቆጠራ ነበር። ሱቁን ዘግተን ዕቃውን በዓይነት በዓይነቱ ቆጠርን፤ መሳቢያውን ቆጠርን፤ ከዱቤ ደብተሩ ያልተሰረዘውን ሁሉ ደመርን። ከዚያ ጋሼ በትልቅ ወረቀት መሃል ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩና ያለንን በስተግራ አስጻፉኝ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲቀል ክብ አድርጌ ላስቀምጣቸው፦ በመደርደሪያና በመጋዘን ያለ ዕቃ 180,000 ብር፣ በእጅና በባንክ ያለ ገንዘብ 12,000፣ ሰው ጋ ያለ ዱቤ 23,000፣ መደርደሪያውና ቁሳቁሱ 15,000። በጠቅላላ 230,000 ብር። አባቴ ድምሩን ሲሰማ ፊቱ በራ። ሱቁን ከጀመረ ወዲህ ያለውን በአንድ ወረቀት ላይ ሲያየው የመጀመሪያው ነው።

ጋሼ እርሳሱን ወደ ቀኙ ባዶ ጎን አዞሩና «ይህ ሁሉ ከየት መጣ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ከአላህ» አለ አባቴ።

«አሜን። በማን እጅ?»

አባቴ ወዲያው አልመለሰም። ዛሬ ሂሳብ የሚማሩ ልጆች ክሬዲት የሚባለው የቀኝ ጎን ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ከመጽሐፍ ትርጉም አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንን የጋሼን ጥያቄ ነው። ግራው ያለህን ያሳያል። ቀኙ ያ ያለህ በማን እጅ እንደመጣና ለማን ተጠያቂ እንደሆንክ ይጠይቃል። አባቴ መናገር ጀመረ፤ እኔ ጻፍኩ። የመርካቶው ጅምላ ነጋዴ፣ 60,000። ዕቁብ፣ 30,000። ዕቁቡ ቀድሞ ወጥቶለት ገንዘቡ ዕቃ ተገዝቶበታል፤ የቀሩትን ዙሮች ግን ገና ይጥላል። ባይወጣለት ኖሮ እስከዚያ የጣለው ገንዘብ በስተግራ የሚጻፍ ሀብት ይሆን ነበር አሉ ጋሼ፤ ስለወጣለት ግን የቀረው የአባላቱ ገንዘብ ነው። አንዱ ዕቁብ፣ ዕጣው በወጣበት ቀን ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ልጅ ሆኜ ጀምሮ የማውቀው ነገር እንዲህ ያለ ሥርዓት በውስጡ እንዳለው አላሰብኩም ነበር።

«ሌላስ?» አሉ ጋሼ።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዲት የሰፈራችንን ሴት ስም ጠራ። ያላትን ሸጣ ወደ ጅዳ ስትሄድ ከመንገድ ወጪዋ የተረፋትን 5,000 ብር እሱ ጋ አስቀምጣለች። በመካከላቸው ወረቀት የለም፤ ምስክርም የለም። ቡና ልታቀርብ የገባችው እናቴ ቀና ብላ አየችው። እሷም አታውቅም ነበር። ገንዘቡ ከመሳቢያው ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ብርድ ልብስ ሆኗል። አባቴ ያን ማታ ባያነሳው፣ ወይም ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ነገር ቢደርስበት፣ የሷን 5,000 ብር ከእኛ ቤት ማንም አይጠይቅም፤ ከእኛም ማንም አይከፍላትም ነበር።

ከዚያ አባቴ ራሱ የሱረቱል በቀራን 282ኛ አንቀጽ አነሳ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ ነው። ብድር ከነጊዜው እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክር እንዲቆም ያዛል። ቃሉን የሚያስጽፈው ማን ይሁን ለሚለው ደግሞ መልሱ ግልጽ ነው፤ ዕዳው ያለበት ሰው። «ስንት ጊዜ ቀርቼዋለሁ» አለ አባቴ። «እኔ ስጽፍ የኖርኩት ሌላው ያለበትን ነው። አስጽፍ የተባልኩት ግን እኔ ነኝ።» ጋሼ ክርስቲያን ናቸው፤ አንቀጹን በዚያ ማታ ነው የሰሙት። ደግሞ እንዲነግራቸው ጠየቁትና አቀርቅረው አዳመጡ። «የኛ መምህራን ይህንን ነገር ለማስረዳት አንድ ሴሚስተር ይወስዱ ነበር» አሉ።

በስተቀኝ የተጻፈው 95,000 ሆነ። ግራው 230,000 ነው። ልዩነቱን 135,000 ጋሼ እዚያው በስተቀኝ፣ ከዕዳዎቹ ሥር፣ በአባቴ ስም አስጻፉኝ።

አባቴ ተቃወመ። «ጋሼ፣ ሱቁ የኔ አይደለም እንዴ? እንዴት ለኔ ዕዳ ይኖርበታል?»

«በመዝገቡ ዓይን እርስዎና ሱቁ ሁለት ናችሁ፣ ሐጂ። የመርካቶው ሰው ዕቃ ሰጠ፤ ሱቁ ለሱ አለበት። እርስዎ ገንዘብና ጉልበት ሰጡ፤ ሱቁ ለእርስዎም አለበት። ልዩነቱ እርስዎ በሰልፉ መጨረሻ መቆምዎ ነው። ሌላው ሁሉ ተከፍሎ የተረፈው የእርስዎ ነው።»

ካፒታል የሚባለውን ነገር ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ ሰው አላጋጠመኝም። ብዙ ሰው ካፒታልን እጁ ላይ ያለ ገንዘብ አድርጎ ያስበዋል፤ ስለዚህ በቀኝ በኩል፣ ከዕዳ ጋር መጻፉ ግራ ያጋባዋል። ገንዘቡ በግራ በኩል አለ፤ ዕቃም ዱቤም ሆኖ ተቀምጧል። በቀኙ የተጻፈው የባለቤቱ መብት ነው፤ ሌሎች መብቶች ሁሉ ከተከበሩ በኋላ የሚቀረው። አባቴ ይህን ከተረዳ በኋላ ልማዱ ተቀየረ። ለጤፍ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ ከመሳቢያው እንዳሻው ያነሳ የነበረው ሰው ያነሳውን በስሙ ያስጽፍ ጀመር። መሳቢያው በወሰደው ልክ ክሬዲት ይሆናል፤ የሱም መብት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዓመቱ ሲያልቅ ሱቁ ምን እንዳተረፈና ቤቱ ምን እንደበላ ለየብቻ ማየት የቻልነው ያኔ ነው።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነበር። ክሬዲት መደመር ነው ወይስ መቀነስ? ገንዘብ ሲወጣ ገንዘቡ ክሬዲት ይደረጋል፤ ይቀንሳል። ዕዳ ሲገባ ዕዳው ክሬዲት ይደረጋል፤ ይጨምራል። ጋሼ ስለ መደመርና መቀነስ መጠየቄን እንድተው ነገሩኝና በየዕለቱ የሱቁን ሥራ እያነሱ ሁለት ነገር ብቻ ያስመልሱኝ ነበር፦ ወዴት ገባ? ከየት መጣ? መደርደሪያ በ2,000 ብር በእጅ በእጅ ተገዛ። ወዴት ገባ? ወደ ቁሳቁስ። ከየት መጣ? ከመሳቢያው፤ ስለዚህ መሳቢያው ክሬዲት ይሁን። ብርድ ልብስ በዱቤ መጣ። ከየት? ከመርካቶው ሰው፤ እሱ ክሬዲት ይሁን። እያንዳንዱ ብር የሚሄድበትና የሚመጣበት አለው፤ የመጣበት ሳይጻፍ የሚገባ ብር የለም።

ሽያጩ ነው ትንሽ ያስቸገረኝ። መሳቢያው ውስጥ 1,150 ብር ገባ፤ በስተግራ ተጻፈ። ከየት መጣ? ከሽያጭ፤ በስተቀኝ ይጻፋል። ሽያጭ ግን ዕዳ አይደለም፤ ለምን ከዕዳ ጎን ይቆማል? ጋሼ ሰኔ 30ን ጠብቅ አሉኝ። ሰኔ 30 ሂሳቡ ሲዘጋ ሽያጩ ሁሉ ተሰብስቦ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ፣ ኪራይ፣ ደመወዝና ሌላው ወጪ ተቀነሰለት፤ የተረፈው ወደ አባቴ ካፒታል ተዛወረ። ሽያጩ ዓመቱን ሙሉ በቀኝ በኩል የቆየው መጨረሻው የባለቤቱ መብት ስለሆነ ነው። ሐምሌ 1 የሽያጩ ገጽ ባዶ ሆኖ እንደገና ተጀመረ፤ የዕዳና የካፒታል ገጾች ግን ቀሪያቸውን ይዘው ተሻገሩ።

ከዚያ 1,150 ብር ውስጥ ደግሞ ሽያጭ ሆኖ የሚጻፈው 1,000ው ብቻ ነው። 150ው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ በስተቀኝ፣ ለመንግሥት የሚከፈል ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። ጋሼ በዚህ ነገር ጥብቅ ነበሩ። ደንበኛው ለመንግሥት እንዲደርስለት በነጋዴው እጅ ያስቀመጠው ገንዘብ ነው ይሉ ነበር። ብዙ ነጋዴ ያኔ የተቸገረው መሳቢያው ውስጥ ያለው ሁሉ የራሱ ስለመሰለው ነው፤ ዕቃ ገዝቶበት ይቆይና የመክፈያው ቀን ሲደርስ ከኪሱ የተወሰደበት ያህል ይከፋዋል። አባቴ ግን የጅዳዋን ሴት መስመር አንድ ጊዜ በስተቀኝ ካየ በኋላ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገም። ያንንም አደራ ብሎ ያዘው።

የባንኩ ነገር የመጣው የሂሳብ መግለጫ ስንቀበል ነው። ገንዘብ አስገብተናል፤ በእኛ መዝገብ ባንክ በስተግራ ተጽፏል። መግለጫው ላይ ግን ያስገባነው ሁሉ ክሬዲት በሚለው ዓምድ ውስጥ ነው። ባንኩ ተሳስቶ ይሆን ብዬ መግለጫውን ለጋሼ አሳየኋቸው። «የማን መዝገብ ነው?» አሉኝ። የባንኩ ነው። ባንኩ የእኛን ገንዘብ ተቀብሎ በመሳቢያው አስገብቷል፤ በሱ ግራ። ከየት እንደመጣ ሲጽፍ የኛን ስም በቀኙ አኖረ። እኛ ለባንኩ፣ የጅዳዋ ሴት ለእኛ እንደሆነችው ነን። ዛሬ ሰው ስልኩ ላይ ሂሳቡ ክሬዲት ተደረገ የሚል መልእክት ሲደርሰው ይደሰታል፤ መደሰቱ ልክ ነው። ባንኩ ዕዳዬ ጨመረ ብሎ ማመኑን ነው የሚነግረው።

ጋሼ ይህ ዘዴ ከየት እንደመጣም አጫውተውናል። የጣሊያን ነጋዴዎች ፈጥረውታል፤ የጄኖቫ ከተማ የ1340 እ.ኤ.አ. መዝገቦች በሁለት ጎን የተያዙ ናቸው። በመጽሐፍ አትሞ ለዓለም ያደረሰው ሉካ ፓቾሊ የተባለ የፍራንሲስካን መነኩሴ ነው፤ በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ባሳተመው የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ። ፓቾሊ ነጋዴውን ከቆጠራ እንዲጀምር ይመክራል፤ ቀጥሎ ሦስት መዝገብ ያስይዘዋል፦ የዕለት ማስታወሻ፣ ጆርናልና ዋናው መዝገብ። በመዝገቡም መጀመሪያ የፈጣሪ ስም እንዲጻፍ ይላል። አባቴ ይህን ሲሰማ የዱቤ ደብተሩን አምጥቶ አናቱ ላይ ያለውን «ቢስሚላህ» አሳያቸው። ከሦስቱ መዝገቦች አንደኛው፣ ማስታወሻው፣ በእጁ ነበር ማለት ነው፤ የጎደሉት ሁለቱ ናቸው።

በየወሩ ማለቂያ የሙከራ ሚዛን እንሠራለን፤ ጋሼ ትራያል ባላንስ ነው የሚሉት። የግራው ድምር ከቀኙ ድምር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ የሚፈልጉበት ብልሃት ነበራቸው። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዝ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል፤ 54 ተብሎ የሚጻፈው 45 ተብሏል። ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል የሚሰጠው ቁጥር ከመዝገቡ ውስጥ ከተገኘ በግራ መጻፍ የነበረበት በቀኝ ተጽፏል። እነዚህን ብልሃቶች እወዳቸው ነበር። እሳቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስከትላሉ፤ ሚዛኑ ስለገጠመ መዝገቡ እውነት ነው ማለት አይደለም። በአንዱ ደንበኛ ስም መጻፍ የነበረበት በሌላው ቢጻፍ ሚዛኑ ይገጥማል። በግራም በቀኝም ጨርሶ ያልተጻፈ ነገርም ሚዛኑን አያናጋውም። አንድ ሰው አደራ ተቀብሎ ገንዘቡንም ዕዳውንም ከመዝገብ ቢያስቀር፣ ድምሩ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እኩል ይመጣል። ይህን የሚይዝ የሂሳብ ዘዴ እስካሁን አላየሁም። ግራውን ደረሰኝ ያጽፈዋል፤ ዓይንም ያየዋል። ቀኙን ብዙ ጊዜ የሚያጽፈው ያለበት ሰው አንደበት ብቻ ነው።

ጋሼ አዲስ አበባ ወዳሉት ልጆቻቸው ከሄዱ ዓመታት ካለፉ በኋላ አባቴ አረፈ። በሙስሊም ወግ ጀናዛው ሲነሳ የሟቹ ዘመድ ቆሞ ዕዳ ያለበት እንደሆነ ንገሩን፣ እኛ እንከፍላለን ብሎ ለሕዝቡ ይናገራል። ታላቅ ወንድሜ ተነስቶ ተናገረ። ሌላ ቤት ቢሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሰው ቃል ማመን ወይም አለማመን ነው የሚቀረው። እኛ ጋ ግን አባቴ የመጨረሻውን መስመር ያስጻፈበት የቀኙ ገጽ ነበር። ለመርካቶው ነጋዴ ደወልን፤ አዝኖልን ሲያበቃ አባታችን ያለበትን ቀሪ ከራሱ መዝገብ አነበበልን። ከኛ ጋር ገጠመ። የሱ ግራ የኛ ቀኝ ነው። የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊም መጥተው ተሳሰብን። በሚራስ ሕግ ውርስ የሚከፋፈለው ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ ጋሼ ባለቤት በሰልፉ መጨረሻ ይቆማል ያሉትን ወራሾቹ ሆነን ቆመን አየነው። ማናችንም ቅር አልተሰኘንም። አባታችን የሌላውን ለይቶ ስለሄደ የእኛ የሆነውን በሰላም ተካፈልን።

ያልተዘጋው የጅዳዋ ሴት መስመር ነው። ዘመዶቿ ሰፈሩን ለቀዋል። ከሳዑዲ የተመለሱትን ጠየቅን፤ አንዱ ሪያድ አይቻታለሁ አለ፤ ሌላዋ ወደ ሌላ አገር ተሻግራለች አለች። ሱቁን አሁን የሚያስተዳድረው ወንድሜ ነው፤ ሂሳቡ ፒችትሪ በሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር ይያዛል፤ ግራና ቀኝን ሶፍትዌሩ ራሱ ያመጣጥናል። የሷ 5,000 ብር በየሐምሌ 1 ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል። መዝገቡን የሚመረምረው ባለሙያ ይህን ያህል ዘመን ጠያቂ ያላገኘ ተከፋይ ሂሳብ ወደ ሌላ ገቢ ቢዛወር ይሻላል ብሎ መከረው፤ የምክሩ ምክንያት ይገባኛል። ወንድሜ አልተቀበለውም። አባ በሕይወት ሳለ ያስጻፈውን አባ ከሞተ በኋላ የሚሰርዝ እጅ የለኝም አለ።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ይከነክነኛል። መዝገቡ ቁጥሩን ጠብቋል፤ ዋጋውን ግን አልጠበቀም። ያኔ 5,000 ብር በሬ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ለበግ አይበቃም። ገንዘቧ በእኛ መደርደሪያ ላይ ብርድ ልብስ ሆኖ ሲሸጥና ሲገዛ ኖሯል። ባለፈው ሰኔ፣ ሂሳቡን ስንዘጋ፣ ይህንን ለወንድሜ አነሳሁበት። እሱም አስቦበት ኖሯል። ሴትዮዋ ወይም ልጇ ከመጡ 5,000ውን ብቻ እንደማይሰጥ፣ ጭማሪውም ከሱቁ ወጪ ሳይሆን ከኛ ከልጆቹ ድርሻ እንዲሆን እንደሚፈልግ ነገረኝ። ከእህቶቻችንም ጋር ተነጋግረን ተስማማን። አጻጻፉንም አብረን ወሰንን፤ በግራ ካፒታላችን፣ በቀኝ የሷ ስም።